እባካችሁ መጥበሻዬን ተዉት

እንግዶቼ ሁሉ ከሄዱ አንድ ሰዓት አልሞላም። ሳህኑ እንደተቆለለ ነው። ጋደም ልበል ብዬ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። አንጀቴ እርር ብሏል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የሰለቸው ይለፈው፤ እኔ ግን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ የስኳር ድንች ሃሽ ነው፤ ተከትፎ መጥበሻ ላይ የሚጠበስ ስኳር ድንች ማለት ነው። "ለድንች ይሄን ያህል?" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ፣ አዎ፣ ይሄን ያህል። ደግሞም ድንች አይደለም። ስሙ ነው የሚያሳስተው። ድንች የቲማቲምና የቃሪያ ወገን ነው። ስኳር ድንች ግን ዘመዱ ሌላ ነው፤ ያቺ አጥር ላይ የምትጠመጠመው፣ ጠዋት ፈክታ ከሰዓት የምትከስመው አበባ አለች አይደል? የእሷ ቤተሰብ ነው። ለዚህ ነው እንደ ድንች የጠበሰው ሰው ሁሉ እንደ ድንች የማይሆንለት። ዛሬ ይሄን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አልቆጠርኩትም። የሰማኝ ግን የለም።

ቁምሳ ላብላችሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም። ስድስት ሰው ጠራሁ። አራት ሰዓት ተባባልን። ማለዳ ተነስቼ አንድ ተኩል ኪሎ ስኳር ድንች ላጥኩ። ልጣጩ እንዴት እንደሚያታግል የላጠ ያውቀዋል። ነጭ ፈሳሹ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ በሳሙና አይለቅም። ከዚያ መክተፍ። ሃሽ የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ፈረንሳይኛ ነው፤ መክተፍ ማለት ነው። እኔም አንድ በአንድ ከተፍኩ። እያንዳንዱን አንድ ተኩል ሴንቲሜትር አካባቢ፣ እኩል እኩል። አንዱ ትንሽ ሌላው ትልቅ ከሆነ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይሆናል። ወገቤ ተቆርጦ ነው የጨረስኩት። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ አደረቅኩት። ጨርቁን ያየችው ጓደኛዬ "ድንች ታደርቂያለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች። አዎ አደርቃለሁ። ስኳር ድንች ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ላዩ ላይ ሌላ ውሃ ከተጨመረበት መጥበሱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገር። ላዩ ላይ ውሃ እስካለ ድረስ የቁራጮቹ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ያ ቡናማ ቅርፊት፣ ያ ደስ የሚል ሽታ የሚመጣው ግን ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ መውጫ ያስፈልገዋል። መጥበሻው መታጨቅ የለበትም። ቁራጮቹ በአንድ ንጣፍ፣ ሳይደራረቡ መቀመጥ አለባቸው። እኔ ለዚህ ብዬ በሁለት ዙር ነው ያሰብኩት። ጨውንም መጨረሻ ላይ ነው የምጨምረው፣ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ስቦ ያወጣዋል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እከድነዋለሁ፣ ውስጡ እንዲበስል። ከዚያ ክዳኑ ይነሳል። ተነሳ ማለት ተነሳ ነው፣ ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ በኋላ ሥራው አንድ ብቻ ነው። መተው። ሦስት አራት ደቂቃ አለመንካት። ሥሩ ሲጠበስ ራሱ ከብረቱ ይላቀቃል። ያኔ አንድ ጊዜ ትገለብጠዋለህ። እንደገና ትተዋለህ።

መተው ምን ይከብዳል? ንገሩኝ፣ ምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ዙር ወርቅ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ፣ መሀሉ ብርቱካናማ። አውጥቼ ሰፊ ትሪ ላይ ዘረጋሁት። ሁለተኛውን ጣድኩ፣ ከድኜ ከፈትኩ። ሽንኩርቱና ቀዩ የፈረንጅ ቃሪያ ተከትፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው የሚገባው፣ ቶሎ ያራል፣ ካረ ደግሞ ሁሉንም ያመርረዋል። ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። አራት ሰዓት የተባሉት አምስት ከሩብ ላይ ደረሱ። እሱን ሌላ ቀን አወራዋለሁ። ሄጄ ከፈትኩ፣ ሳምኩ፣ ኮት ተቀበልኩ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስመለስ መጥበሻው ተከድኗል። ትሪው ባዶ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከሁለተኛው ጋር ተገልብጦ አንድ ላይ ታጭቋል። ላዩ ላይ ጥሬ ሽንኩርት ተከምሯል። ማማሰያው ውስጡ ቆሟል። ከጎኑ የባለቤቴ አክስት። እንዲህ ዓይነት አክስት ታውቃላችሁ።

"ማነው የከደነው?" አልኩ። ድምፄ ወጣ ማለት ከቻለ።

"እኔ ነኝ ልጄ። እንዲህ ክፍት ትተሽው ትሄጃለሽ እንዴ? ዘይቱ እየተንጣጣ።"

"ያማሰሉትስ እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያ ማን ያማስልልሽ? ሊያርብሽ ነበር እኮ። ደረስኩልሽ።"

ደረስኩልሽ! ይሄን ቃል ከዚያ ጀምሮ መቶ ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ አዙሬዋለሁ። ያረ የመሰላቸው እኮ ያ ሁሉ ልፋቴ ነው። ያ ቡናማ ነገር ነው ምግቡ! ክዳኑን ሳነሳ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ቁራጮቹ ጠርዛቸው ጠፍቷል። ግማሹ ፈርሷል። ከክዳኑ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ምን አልኩ? "እሺ እትዬ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ። ታላቅ ናቸው። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

በዚህ ቢያበቃ እኮ ችዬው ነበር። ሽንኩርቱ እንዲበስል ብዬ እሳቱን ጨመርኩ፣ ያመለጠው ግን አልተመለሰም። አንዴ የፈረሰ ስኳር ድንች ቅርፊት አያወጣም። እንቁላሉን ሰበርኩበት፣ አቀረብኩ። እሳቸው አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ማንኪያውን አስቀመጡ። ስድስት ሰው ፊት እንዲህ አሉ፦

"ሃሽ ያልሽው ይሄ ነው? ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ጥሩ ነበር።"

ሁሉም ሳቀ። አንዱ ውሃ አነቀው ከሳቁ ብዛት። እሳቸው ደግሞ ቀጠሉ፣ እጄን እየደባበሱ። "አይዞሽ ልጄ፣ እያደር ትለምጂዋለሽ። ለእንግዳ ግን ስኳር ድንች ምን አስመረጠሽ? ተራ ነገር ነው እኮ።"

እያደር እለምደዋለሁ! ይሄን ምግብ እኔ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። እጄን ባይደባብሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ተራ ነገር የሚለው ደግሞ ለብቻው አቃጠለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከወሰዱት አራት ሰዎች ሦስቱ የተሸለሙት በብርቱካናማው ስኳር ድንች ሥራ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ነው፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል። ቫይታሚን ኤ ያጣ ሕፃን ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ቤታ ካሮቲን ደግሞ ያለ ስብ በደንብ አይዋሃድም፤ በዘይት ጠብሶ ከእንቁላል ጋር መብላት ለዚህም ጥሩ ነው። ይሄን ሁሉ እዚያው ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ። ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም አልኩ። ሁሌ ዝም የምለው እኔ ነኝ።

ከዚያ ከእንግዶቹ አንዱ ሰውዬ ተነሳ። "ስኳር አበዛሽበት እንዴ?" ይለኛል። ስኳር አልጨመርኩም! አንዲት ፍሬ ስኳር አልጨመርኩም! ጣፋጩ ከራሱ ነው። ስኳር ድንች ውስጥ ስታርችን ማልቶስ ወደሚባል ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም አለ። በግምት ከ57 እስከ 77 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው በደንብ የሚሠራው። በዚያ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ እየጣፈጠ ይሄዳል። በኃይለኛ እሳት ቶሎ ካለፈው ደግሞ ያን ያህል አይጣፍጥም። ዛሬ ለምን ጣፈጠ? ታጭቆ፣ ተከድኖ፣ ቀስ እያለ ስለሞቀ! ጣፋጩን የሚያስተካክለው ያ መረር ያለው ቅርፊት ነበር፣ እሱን ደግሞ አጥፍተውታል። ይሄን አስረዳሁት። "እና ስኳሩን ስንት ማንኪያ አደረግሽ?" አለኝ።

ተዉኝ አቦ።

እንቁላሉም ሳይወቀስ አላለፈም። እኔ ድንቹ መሀል ጎድጎድ አድርጌ ነው የምሰብረው። ነጩ ከ62 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይረጋል፣ አስኳሉ ከ65 በኋላ ነው የሚጠነክረው። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ቆሜ ነው የምጠብቀው፣ ዓይኔን አልነቅልም። አስኳሉ ሲፈርስ ድንቹ ላይ ይፈስና ወጥ ይሆንለታል። "ጥሬ ነው" ብላ ሳህኗን የገፋችው አለች። በደንብ የበሰለ የምትፈልጊ ከሆነ፣ መብትሽ ነው፤ ነፍሰ ጡር ወይ አቅመ ደካማ ከሆነ እንዲያውም በደንብ መብሰል አለበት። ግን ቀድሞ ይነገራል እንጂ ሳህን አይገፋም። ሳህን መግፋት ምን ማለት ነው?

ዛሬ ብቻ ቢሆን እኮ አልጽፍም ነበር። ባለፈው ወር ደግሞ አለ። ስኳር ድንቼን ገዝቼ ጨለም ያለ፣ ነፋስ ያለው ቦታ አስቀመጥኩ። ቤት ያደረች እንግዳ አዘነችልኝና ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። "እንዳይበላሽብሽ ብዬ" አለችኝ። ስኳር ድንች ብርድ አይወድም። ከ12 ዲግሪ በታች ከቆየ መሀሉ ይደድራል፣ ብታበስለው ብታበስለው አይለሰልስም። አርባ ደቂቃ ጠበስኩት። ላዩ አረ፣ መሀሉ እንጨት ሆኖ ቀረ።

መጥበሻዬንስ? ያቺ ከባዷ የብረት መጥበሻዬ። ስንት ወር ዘይት እየቀባሁ፣ እያጋልኩ፣ ጥቁርና ለስላሳ ያደረግኳት። አንዱ ደግ ነኝ ባይ ማታ ውሃና ሳሙና ሞልቶባት አሳደራት። ጠዋት ዝጋ ቀይ ሆናለች። አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ ቆሜ አለቀስኩ። "ለመጥበሻ?" አሉኝ። ከባዶ ጀምሬ ፈግፍጌ፣ ቀብቼ፣ ምድጃ ውስጥ አግዬ ነው የመለስኳት። ለዚህ ነው አሁን መጥበሻዬን ሰው ሲነካ የምደነግጠው። ምክንያት አለኝ።

ዝግጅት አሥር፣ ማብሰያ አሥራ አምስት ደቂቃ ብለው የሚጽፉም ሰዎች አሉ። የት? አንድ ተኩል ኪሎ በአሥር ደቂቃ የሚልጥና እኩል የሚከትፍ ማነው? አንዱ ዙር ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ዙር፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ እንቁላሉ ሲደመር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እውነቱን ብትጽፉት እኮ ሰው ተዘጋጅቶ ይገባል፣ ቸኩሎም አያጭቀውም።

ሲወጡ እትዬ በሩ ላይ ሳሙኝ። "በሚቀጥለው እኔ ልምጣና ላሳይሽ" አሉ። ባለቤቴ "ደስ ይለናል" አላቸው። ደስ ይለናል! ማን ነው ደስ የሚለው? በሩ ሲዘጋ "ለምን ዝም አልክ?" አልኩት። "ጥሩ ነበር እኮ፣ እኔ በልቼዋለሁ" አለኝ። መብላቱን መች ጠየቅኩት? ያ ሃሽ የእኔ እንዳልነበረ ሁሉም እየበሉ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። አንድ ሰው እንኳ "እሷ እኮ ደህና አድርጋ ጠብሳው ነበር" ቢል ምን ነበረበት? እሱ ትሪው ላይ የነበረውን አይቶታል። እንዲያውም ሁለት ፍሬ አንስቶ "ኩርችት ይላል" ብሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ይቺን አንዲት ቃል ነበር የምፈልገው።

እሱ ተኝቷል አሁን። ቅርጫቱን አየሁት፣ ሁለት ስኳር ድንች ተርፏል። አንድ ግማሽ ሽንኩርትም አለ። ከትፌ፣ አድርቄ መጥቻለሁ። መጥበሻዋ እየጋለች ነው። ዘይቱ ሞገድ ሠርቷል፣ ልጨምረው ነው። በር ቢንኳኳም አልከፍትም።