እርማት፦ እንደገና አልተጫወቱትም

ወንድሜ፣ የስዊድኑ የሜታል ባንድ የኦፔዝ «ዴሊቨራንስ» አልበም በ2015 (በፈረንጆች) ዳግም ሲወጣ ድምፁ ጥርት ያለው «ባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ እንደ አዲስ ስለተጫወተው ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ስሕተት ነው። ጊታሩም ከበሮውም በ2002 የወጣው ራሱ ነው። የተለወጠው ቅልቅሉ ነው፤ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብሩስ ሱርድ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ይዞ እንደገና መጠነው። ይህ ሪሚክስ ይባላል። ሪማስተር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ የተቀላቀለውን ድምፅ በጥቅሉ ማስተካከል ነው፦ ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨው ማስተካከል፤ ሽንኩርቱን ከሥጋው መለየት አይቻልም።

ጩኸትንም ጥራት አታድርገው። ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ (አንዱ ምሳዬንም ሲያማትር ነበር)፣ ሁለቱን ቅጂዎች በጆሮ ማዳመጫ እያፈራረቅሁ ሰማኋቸው። መጀመሪያ የድምፃቸውን ከፍታ እኩል አደረግሁ፤ ይህ ካልሆነ ጆሮ ሁልጊዜ ለሚጮኸው ያደላል። ከዚያ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን መጨረሻ ላይ፣ ከበሮና ጊታር አብረው የሚረግጡት ያ ለደቂቃዎች የሚደጋገም ምት ሲመጣ፣ በአዲሱ ቅጂ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ሲያርፍ ሰማሁ። ለእኔ የዳግም ኅትመቱ ጣዕም እዚያ ነው። አሮጌው ሲዲ ካለህ ግን አትሽጠው።