ስለ ሦስት ወሩ መርፌ አንድ እርማት

እህቶቼ፣ እዚህ ድሬ «ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል የሦስት ወሩን መርፌ የተወጋች መሀን ሆና ትቀራለች» የሚል ነገር በየኮሜንቱ እየተደጋገመ ነው። ልክ አይደለም። ዴፖ፣ ማለትም በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የእርግዝና መከላከያ መርፌ፣ መሀን አያደርግም። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ግን እርግዝና ሊዘገይ ይችላል፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር ገደማ፣ አንዳንዷ ጋ ከዚያም ይረዝማል፣ ብዙዎችን የሚያስደነግጠውም ይሄው መዘግየት ነው። ወሬውን ያመነች «እኔማ አልወልድም» ብላ ያለ መከላከያ ትቀመጥና ሳታስበው ታረግዛለች፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የተጠራጠረች የቀጠሮ ካርዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ የመጨረሻውን መርፌ ቀን ለአዋላጅ ነርሷ አሳይታ ትጠይቅ። መወጋት አለመወጋቱን የምትወስነው ደግሞ ራሷ ናት፣ ደላላው አይደለም። የቤተሰብ ምጣኔ መረጃ የማግኘት መብቷ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ተጽፏል።