ክብር ለሰፈሩ ሲኒየር

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ሐሳቡ ኢንጂነሪንግ ነው። ባለፈው እሁድ የሽኝት ቡና ተፈላና የሰፈራችን ሲኒየር ሊመክረው መጣ። ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የአምስት ዓመቱን ትምህርት ሰባተኛ ዓመቱ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ የሚያጣጥም ሰው ነው።

ምክሩ ከአቦል እስከ በረካ ዘለቀ። ክላስ ገብተህ ጊዜህን አታቃጥል፣ ሀንዳውቱ ይበቃል። ካልኩለስ የሚገባ ነገር አይደለም፣ ይሸመደዳል። ወፍራም መጽሐፍ ለትራስ ነው። ምስኪን ኒውተን! ይህን የሚነግረው ሲኒየር አጥቶ ነው ያን ሁሉ ዓመት የለፋው። እህቴ "ተባረክ" እያለች ስኒውን ትሞላለች።

ዋናው ስጦታ ግን ፌስታል ውስጥ ነበር። የፔንዱለም ላብራቶሪ (ላብ) ሪፖርት፤ ገመድ ላይ የታሰረ ነገር እያወዛወዙ የስበትን መጠን የሚለኩበት።

ሪፖርት አልኩት እንጂ ቅርስ ነው። ሲኒየሩ ከሲኒየሩ፣ ያም ከሲኒየሩ ወርሶታል። ከቡድኑ አባላት አንዱ ተመርቆ፣ አግብቶ፣ ሁለት ልጅ ወልዷል፤ ስሙ ግን ዛሬም ላብ ይገባል። ገጽ ሦስት ላይ አንድ ቀን የሽሮ ጠብታ ወደቀች። ፎቶ ኮፒው ሲደጋገም ጠብታዋ ጠቆረችና ግራፉ ላይ ያለች ነጥብ መሰለች። ቀጣዩ ባች ገለበጣት። የሚቀጥለው በእስክሪብቶ አደመቃት። ከዚያ አንዱ ሰቃይ ተነሳና ነጥቧ ከመስመሩ የራቀችው "በአየር ግጭት ምክንያት" ነው ብሎ ሙሉ አንቀጽ ጻፈላት። ኤ አገኘ። ሽሮዋም አብራ ኤ አገኘች። ከዚህ በላይ ምርምር የት አለ?

ውጤቱስ? 9.81። ቅንጣት አይዛነፍም። ላቡ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ለምድር ወገብም ቅርብ። እዚህ ቁጥሩ 9.77 ገደማ ነው። ግን ስበትን ማን ጠየቀው? መጽሐፉ 9.81 ካለ ስበት ራሱን ያስተካክል!

የመውጫ ፈተናውንም ጠየቅሁት። ያው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሃምሳ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። "እሱማ ፋይሉ ቴሌግራም ላይ አለ" አለኝ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ አልሆነልኝም፤ ተናደድኩ። ፔንዱለሙ አንድ ሜትር ገመድና አንድ ድንጋይ እኮ ነው የሚፈልገው! ሃያ ጊዜ ሲወዛወዝ መቁጠር ነው። አርባ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አርባ ሰከንድ የሰሰተ ሰው ነገ ጥንካሬው የሚለካበትን የ28 ቀን የኮንክሪት ናሙና ሳይሰብር "ሰብሬ ለካሁ" ብሎ ይፈርማል። እኛ እዚያ ፎቅ ውስጥ ልጆቻችንን እናስተኛለን።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ልጁ ሪፖርቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና "ገመዱ ስንት ሜትር ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

"የምን ገመድ?" አለ ሲኒየሩ።

ልጁ ዝም ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። የቁምሳጥኑን ቁልፍ አሰረበት። ከበሩ ሚስማር ላይ አንጠልጥሎ ያወዛውዝ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

ሲኒየሩ ወደ እህቴ ጠጋ አለ። "እትዬ፣" አለ ድምፁን ቀንሶ፣ "ይሄ ልጅ ግቢ ይከብደዋል።"