ለክፉ ቀን የተቀመጠ

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ ስቶክሆልም የምትኖረው እህቴ ደወለች። ድምፅዋ መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው ድምፅ ነበር። የስዊድን መንግሥት ከ5 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤቶች በፖስታ አንድ ትንሽ መጽሐፍ እየላከ ነው አለች። ጦርነት ወይም ሌላ መዓት ቢመጣ እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ራሱን ችሎ እንዲቆይ የሚመክር ነው። ስልኩን እናቴም እንድትሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«ምን ሊመጣባችሁ ነው ልጄ?»

«ውኃ ሊቋረጥ ይችላል፣ እማዬ።»

«እሺ።»

«መብራትም ሊጠፋ ይችላል።»

«እሺ።»

«ስልክ እምቢ ሊል ይችላል። የባንክ ካርድም ላይሠራ ይችላል።»

እናቴ ዋናውን መዓት ለመስማት ትንሽ ጠበቀች። እህቴ ግን ጨርሳ ነበር።

«ታዲያ ለዚህ ነው አሥራ አራት ዓመት ሰው አገር የተንከራተትሽው?» አለች እናቴ። «እዚሁ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እልህ ያዘኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። መጽሐፉ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውኃ ይላል። እኛ አምስት ነን፤ ለሰባት ቀን 105 ሊትር ማለት ነው። ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ገባሁ ስል በሩን ከፍቼ ቆምኩ ማለቴ ነው፤ ሰው ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ወደዚያ ክፍል ከገባ ዓመታት አልፈዋል። 200 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ በርሜል መሐል ላይ ቆሟል። ዙሪያውን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካኖች፣ ዘጠኝ። ከነሱ ላይ የዘይት ጄሪካን የነበሩ ባለ 5 ሊትሮች፣ አሥራ አንድ። ባልዲዎቹን፣ ሳፋውንና አሁን ዩኒቨርሲቲ ሊገባ የደረሰው ልጄ በሕፃንነቱ የታጠበበትን ገንዳ ትቼ ስደምር 435 ሊትር ሆነ። በስዊድን ሂሳብ 29 ቀን። በእኛ ሂሳብ እስከሚመጣው ፈረቃ፣ እሱም እንግዳ ካልመጣ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ውኃ የሚወጣው ግፊት ሲኖር ነው፤ ግፊት የሚኖረው ታችኞቹ ቧንቧቸውን ሲዘጉ ነው፤ ታችኞቹ የሚዘጉት ደግሞ ያላቸው ዕቃ ሁሉ፣ የቡና ስኒ እንኳ ሳይቀር፣ ሲሞላ ነው። ስለዚህ የእኛ ተራ የሚደርሰው ሌሊት ነው። ማታ ስንተኛ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተን፣ ከሥሩ ባዶ ብረት ድስት ደፍተን እንተኛለን። ውኃው ሲመጣ መጀመሪያ አየር ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ድስቱን ይደበድባል፣ ቀጥሎ እናቴ «ተነሡ!» ትላለች። ልጆቼ በዚህ ዓለም ላይ ማንም ሠራዊት ሊያሳካው በማይችለው ፍጥነት ተሰልፈው ጄሪካን ይቀባበላሉ። ጠዋት ለትምህርት ቤት እነዚያኑ ልጆች ለመቀስቀስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

አንድ ባልዲ ውኃ በቤታችን የሥራ ዘመን አለው። ሲቀጠር ጎመን ያጥባል። ከዚያ ወደ ልብስ ይዛወራል፣ ከልብስ ወደ ወለል፣ ከወለል በኋላ በክብር ጡረታ ወጥቶ ሽንት ቤት ይወርዳል። ትንሹ ልጄ አንድ ቀን ጎመን የታጠበበትን ውኃ በቀጥታ ወደ ፍሳሹ ደፋው። እናቴ ይህን ነገር እስከ ዛሬ የምታነሣው ሰው በሌለበት ብቻ ነው፤ የቤት ገመና ነውና።

በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ምንጩን አስይዘው በውኃ ጥም እንዳስለቀቁት ይታወቃል። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስፈራኛል፤ ያኔ ምሽጉ ውስጥ ዕቃ ቤት ያዥዋ እናቴ ብትሆን ኖሮ ጣሊያኖቹ እስከ ፋሲካ አይወጡም ነበር።

ስለ እህሉ ጉዳይ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት በሽታው ከብቱን ፈጅቶ፣ ድርቅና አንበጣ ታክሎበት አገር ባዶ የቀረበትን ዘመን ሰው «ክፉ ቀን» ብሎ ነው የጠራው። የእናቴ አያት ከዚያ ዘመን ከተረፉ ሰዎች የተወለዱ ነበሩ። ስለዚህ እናቴ በእህል አትቀልድም። የምንኖርባት አዲስ አበባ ራሷ ጎተራ የሚባል ሰፈር አላት፤ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው። ዛሬ ሰው ጎተራ ሲባል ትዝ የሚለው ማሳለጫውና የመኪናው ሰልፍ ነው። እናቴ ግን ጎተራውን ወደ መኝታ ቤታችን አምጥታዋለች። ከአልጋችን ሥር ጤፍ አለ፤ ጤፍ ከማነሷ የተነሣ ነቀዝ የሚገባበት አጥቶ ይተዋታል፤ ስለዚህ የዚያ ጤፍ ዕድሜ አይጠየቅም። ከልጆቹ አልጋ ሥር የሽሮ እህልና በርበሬ አለ። ትንሹ ልጄ ሌሊት ሲያስነጥስ ሐኪም ቤት የወሰድነው ሦስት ጊዜ ነው፤ መድኃኒት ሲሰጠን ከረምን እንጂ ከአልጋው ሥር ምን አለ ብሎ የጠየቀን የለም።

ምርጥ ምርጡ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ማር፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ የነጠረ ቅቤ፣ ቡና፣ ስኳር። ቁልፉ የእናቴ መቀነት ጫፍ ላይ ታስሯል። የቁም ሳጥኑ ሕግ አንድ ነው፤ የሚበላው ሊበላሽ የደረሰው ነው። አዲስ ማር ሲመጣ ይቆለፍበትና አሮጌው ይወጣል። አዲሱ ተራው ሲደርስ እሱም አርጅቷል። በዚህ ቤት ትኩስ ነገር እንዲበላ የተፈቀደለት ክፉ ቀን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እግሩን እየጎተተ ነው።

እህቴ በሳምንቱ መልሳ ደወለች። ተዘጋጅቻለሁ አለች። የታሸገ ባቄላ ገዝታለች።

«ባቄላ? በቆርቆሮ?» አለች እናቴ። «የላክሁልሽ በሶስ? ድርቆሹስ?»

ዝምታ ሆነ። ቁም ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። ለካ እናቴ በመጣ በሄደ ሰው ሻንጣ የላከችው በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ስቶክሆልም ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል፤ እህቴ መንግሥት ከማሳሰቡ ከዓመታት በፊት ታጥቃ ኖሯል። በሶ መክፈቻ አይሻ፣ እሳት አይሻ፤ አያቶቻችን በስልቻ ይዘውት የዘመቱ ስንቅ ነው። እህቴም ይህን ከሰማች በኋላ በለሆሳስ አንድ ነገር አመነች፤ ለባቄላው መክፈቻ መግዛት ረስታለች።

መብራትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሻማው፣ የባትሪ መብራቱና የከሰል ምድጃው በየቤቱ ያለ ነው። እናቴም ከሰል በተቀጣጠለ ቁጥር «በረንዳ ላይ! በር ክፈቱ!» እያለች ትጮኻለች፤ በዚህስ እውነቷን ነው፣ የከሰል ጭስ ስንቱን ቤተሰብ ከነእንቅልፉ ወስዷል። ባለቤቴን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነው። ሊጥ ሦስት ቀን ይቦካል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ይላል፤ ምጣዱ ግሎ አራተኛው እንጀራ ላይ ሲደረስ መብራት ይሄዳል። ያኔ ባልዲውን አንጠልጥላ ደረጃውን እየወረደች በየበሩ «የእናንተ ፌዝ አለ?» እያለች ታንኳኳለች። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ጊዜ ጨለማ ሲውጣቸው፣ ሰው ሻማና ሬዲዮ ለመግዛት ሲሰለፍ በቴሌቪዥን አየን። ባለቤቴ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። «ሊጡን እንዴት አደረጉት ይሆን?» አለች።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሕንፃው ተወዛወዘ። በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር ስትንቀጠቀጥ ሳምንታት ሆኗት ነበር፤ እዚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷልና ለነሱ ነገሩ ወግ የሚሆን አልነበረም። ወደ እኛ የደረሰው ትርፍራፊው ነው። ትርፍራፊውም ቢሆን አራተኛ ፎቅ ላይ ይበቃል። ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ስለሆኑ ድምፃቸውን ስንሰማ ለዓመት በዓል ካልሆነ የመጀመሪያችን ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድን አላውቅም። ታች ሜዳው ላይ ቆመን እስትንፋሳችን ሲመለስ እርስ በርስ ተያየን። እኔ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዣለሁ። ትልቁ ልጄ ለገና የተገዛችውን ዶሮ አቅፏል። ባለቤቴ ጀበና ይዛለች። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መቀነቷን በእጇ ጨብጣ፣ ኩራት በተሞላበት ድምፅ «አትጨነቁ፣ ቁልፉን ይዣለሁ» አለች።

ከሦስተኛ ፎቅ የወረዱት ጡረተኛው ጋሼ ካፖርታቸው ውስጥ አንድ ነገር ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ካርታ።»

የቤታቸው ካርታ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎቹ ለ72 ሰዓት የሚበቃ ስንቅ እንዲይዙ ሲመክር ኮሚሽነሯ ሃጃ ላህቢብ የቦርሳቸውን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጡ በቪዲዮ አሳይተው ነበር፤ ከውስጡ ካርታ ወጣ፣ የመጫወቻው። ሳየው ጋሼ ትዝ አሉኝ። ሁለቱም ካርታ ይዘዋል፤ ልዩነቱ የኮሚሽነሯ ካርታ ሕንፃው ቢፈርስም ያጫውታል። ያን ሌሊት ስለ ካርታቸው አንድ ጎረምሳ ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ ሕንፃው ከወደቀ እኮ የእርስዎ ሦስተኛ ፎቅ አየር ላይ ነው የሚቀረው።» ጋሼ አሰብ አደረጉ። «አየሩም ቢሆን በስሜ ነው» አሉ።

ብርዱ የታኅሣሥ ብርድ ነው። ሕፃናት አሉ፣ አራስ አለች። ያኔ አንድ ሰው እድሩን አስታወሰ። እውነቱን ለመናገር በዚህ አገር ከእድር በላይ ለመዓት የተዘጋጀ ድርጅት የለም፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በርሜል የሚያህል ብረት ድስት፣ ሦስት መቶ ሰሐን፣ ሁሉም ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ተቆልፎ ተቀምጧል። ንብረት ያዡም እዚያው ከእኛ ጋር ብርድ ልብስ ተከናንበው ቆመዋል።

«ድንኳኑ ይውጣልን» አልናቸው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አይወጣም። ደንቡ ግልጽ ነው።»

«ሕንፃው ላያችን ላይ ቢወድቅስ?»

«ያኔማ ይወጣል፤ ማን ይከለክላል?»

«ያኔ ማን ይተክለዋል?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ንብረት ያዡ ይህን ጥያቄ ደንቡ ውስጥ አላገኙትም። የእድሩ ዳኛ ተጠሩ፤ ፒጃማ ላይ ኮት ደርበው መጡ። እዚያው ቆመን አስቸኳይ ጉባኤ ተደረገ፤ ቃለ ጉባኤ በእጅ ባትሪ ብርሃን ተያዘ። ከግማሽ ሰዓት ክርክር በኋላ ድንኳኑ ባለበት እንዲቆይ፣ ወንበሮቹ ግን በፊርማ በውሰት እንዲወጡ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ፈርመን ተቀመጥን።

ሰው ሲቀመጥ ቡና ያምረዋል። ባለቤቴ ጀበናዋን አወጣች። የእኛ ቡና ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ሜዳ ላይ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ የወረደችው ጎረቤታችን ግን የተቆላ ቡና በኪሷ ይዛለች፤ ለምን እንደያዘችው እሷም አታውቅም። ዘበኛው ከሰልና ምድጃ አመጡ። ሙቀጫና ስኒ ከመሬት ቤቱ በመስኮት ወጣ። ቡናው ተወቀጠ፣ ከሰሉ ቀላ፣ ሁሉም ክብ ሠራ። ባለቤቴ ጀበናውን ከፍታ ወደ ውስጥ አየችና ቀና አለች።

«ውኃ ያለው?»

ማንም አልነበረውም። እኔ ብቻ 435 ሊትር አለኝ፤ አራተኛ ፎቅ። በየፎቁ ያለው ቢደመር ሐይቅ ይሆናል። ሁላችንም ቀና ብለን ሕንፃውን አየነው። «በፍጹም!» አለ አንዱ። «እስኪነጋ አንድም ሰው እንዳይገባ!» አሉ የእድሩ ዳኛ። ባለሙያዎች ከተናወጠ በኋላ ተመልሶ ሊናወጥ ይችላል ይላሉ ብሎ አንዱ አስረዳ። በዚህ በኩል ከዳር እስከ ዳር ስምምነት ነበር፤ በዚህ ግቢ ታሪክ ሁላችንም የተስማማንበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይመስለኛል።

ወደ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከዘበኛው ቤት ጎን ያለው የግቢው ቧንቧ አስነጠሰ።

ጸጥታ ሆነ። ደግሞ አስነጠሰ። ከዚያ ተፋ፣ ፏ አለ፣ ወረደ።

«ውኃ መጣ!»

ማን እንደጮኸ አልታወቀም። ወንበሮቹ በየፊርማቸው ተገለበጡ። አራሷ እንኳ ልጇን ለንብረት ያዡ አስታቅፋ ሮጠች። ዳኛው ፒጃማቸውን ሰብስበው ሁለት ሁለት ደረጃ ይዘላሉ። እኔም ሪሞቴን ይዤ አራተኛ ፎቅ የደረስኩት ከልጆቼ ቀድሜ ነው። በመስኮት ወደ ታች ሳይ ሜዳው ላይ የቀሩት ምድጃው፣ ዶሮዋና እናቴ ናቸው። ጋሼ ሲሮጡ ካርታውን ለእሷ ጥለውላት ሄደዋል። እናቴ ካርታውን መቀነቷ ውስጥ እየጠቀለለች ወደ ላይ ተጣራች።

«ጎመን ከታጠበበት ባልዲ እንዳትቀላቅሉት!»