እርማት፦ የመጀመሪያዋ ፕሬዝዳንት ኤላይዛ ስኖው አይደለችም

«የሞርሞን ሴቶችን መረዳጃ ማኅበር፣ ሪሊፍ ሶሳይቲን፣ መጀመሪያ የመራችው ኤላይዛ ስኖው ናት» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። ለምን እንደተምታታ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ማኅበሩ የተቋቋመው በፈረንጆቹ ማርች 17 ቀን 1842፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ናቩ በምትባል ከተማ፣ ከሞርሞን ሃይማኖት መሥራች ከጆሴፍ ስሚዝ ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። ፕሬዝዳንት ሆና የተመረጠችው ባለቤቱ ኤማ ስሚዝ ናት። ኤላይዛ ጸሐፊ ነበረች። የዚያን ቀን ስሙ ራሱ አከራክሯል። ከሃይማኖቱ መሪዎች አንዱ ጆን ቴይለር «በጎ አድራጎት» ይባል ሲል፣ ኤማ «እርዳታ» (በእንግሊዝኛ «ሪሊፍ») እንዲሆን ተሟገተች። ማን እንደረታ ስሙ ይናገራል።

ጆሴፍ በ1844 ሲገደል ኤማ እዚያው ናቩ ቀረች። ኤላይዛ ግን ቃለ ጉባኤውን ይዛ ዩታ ገባች፤ ከ1868 ጀምሮም ጆሴፍን በመሪነት በተካው በብሪገም ያንግ አደራ ማኅበሩን በየአጥቢያው መልሳ አደራጀች። ሁለተኛዋ ፕሬዝዳንት እሷ ናት። መምታታቱ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ቃለ ጉባኤው «ጆሴፍ ስሚዝ ፔፐርስ» ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባል። አብዛኛው ገጽ የኤላይዛ የእጅ ጽሑፍ ነው። ኤማን ፕሬዝዳንት እያለች የመዘገበችው ራሷ ናት! ስህተቱ ሲደጋገም ኤማ «የጆሴፍ ሚስት» ብቻ ሆና ትቀራለች።