ሲዲው ውስጥ ጨዋታው የለም

የእህቴ ልጅ ሲዲውን ከማሸጊያው ሲያወጣ እንደ እንቁላል ነበር የያዘው። ጥምቀት ሊሆን ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ከዴንቨር ጎንደር ድረስ ፕሌይስቴሽን 5 የሚባለውን የጌም ማሽን ተሸክሜ፣ ጉምሩክ ላይ ተከራክሬ፣ በስንት ጣጣ እናቴ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥኩት። የሰፈር ልጅ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩሏል። ሲዲው ገባ። ማሽኑ ጉርር አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ከ100 ጊጋባይት በላይ ከኢንተርኔት አውርዱ ይላል።

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሲዲው ውስጥ ምንድን ነው ያለው ታዲያ?»

መልስ አልነበረኝም። 70 ዶላር የከፈልኩበት ሲዲ ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር የምውልበት የግማሽ ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ቆይ ብቻ፣ ታያላችሁ» ስል ነበር የሰነበትኩት። አዩ!

የሚገርመው፣ ያው ጨዋታ እዚህ ዴንቨር ቤቴም አለ። እዚህ ሲዲውን ከትቼ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ሁለት ሰው ጋ ስልክ ደውዬ ስመለስ ወርዶ አልቆ ነበር። ባዶ ዕቃ እንደገዛሁ አልታወቀኝም። ፈጣን ኢንተርኔት ስንቱን ጉድ ይሸፍናል! የኔ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ኮል ኦፍ ዱቲ» የሚባል የጦርነት ጨዋታ ሲዲው ሲፈተሽ ላዩ ላይ የተገኘው 70 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቁራጭ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ሲዲው እንደ ቁልፍ ነው እንጂ ቤቱ ሌላ ቦታ ነው።

እኛ ያደግንበትን ታስታውሳላችሁ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ በሯ በመጋረጃ የተሸፈነች አንዲት ክፍል። ውስጧ የላብ ሽታ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ቴሌቪዥን። እናቴ «ባለጌም ቤት ዋልክ?» ስትለኝ «ም»ን ሆን ብላ ትውጣት ነበር። አንድ ጨዋታ አንድ ብር። ተሸናፊ ከፋይ። ሲዲው ክፉኛ ተጭሯል። በሸሚዝ ይጠረጋል፣ እፍ ይባላል፣ በጥርስ ሳሙና የሚያሸውም ነበር። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እምቢ ሲል በጀርባው ይገለበጣል። ተገልብጦ ይሠራል! ዛሬ የኔን ፕሌይስቴሽን 5 ብገለብጠው መለያ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀኝ ይመስለኛል።

መጀመሪያ «ዊኒንግ ኢለቨን» የሚባል የኳስ ጨዋታ ነበር፣ ከጃፓንኛ ኮሜንታተር ጋር። አንዲት ቃል ሳይገባን ጎል ሲገባ አብረነው እንጮህ ነበር። በኋላ ፕሌይስቴሽን 2 መጣና ሌላው የኳስ ጨዋታ «ፔስ 6» ገባ። ያኔ የጣሊያኑን ቡድን ኢንተርን መውሰድ ነውር ነበር። ለምን? አጥቂው አድሪያኖ። የምቱ ኃይል 99 ነበር። ከመሀል ሜዳ የመታው መረቡን ይበጥሳል። ስለዚህ ባለ ጌሙ ሕግ አወጣ፤ ኢንተር የወሰደ ሁለት ብር። «ማስተር ሊግ» በሚባለው የጨዋታው ክፍል ደግሞ በዓለም ላይ የሌሉትን ተጫዋቾች፣ ካስቶሎንና ሚናንዳን ይዘን ዋንጫ ስንበላ ኖርን። ዛሬም የሰፈሬ ልጅ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ሲያገኘኝ «ካስቶሎ!» ብሎ ነው የሚጠራኝ። በጎ ነገሬን አይቶ አይደለም፣ ያኔም ጎል ስለምስት ነው።

እና መብራት። መብራት ከጠፋ ከፋይ የለም። ሦስት ለዜሮ የሚመራ ልጅ እግዜርን ሲለምን፣ የሚመራው ጆይስቲኩን ትቶ አምፖሉን ያያል። ተሸናፊው መብራት እንዲጠፋ የሚሳልበት ሌላ ጨዋታ የትም አላየሁም። እንዲያውም አንዱ ልጅ ቆጣሪው ጋ ወንድሙን አቁሞ ተይዟል።

እውነቱን ለመናገር ሲዲዎቹ ሁሉ ኮፒ ነበሩ። ሠሪው ኮናሚ ከኛ ሰፈር አንድ ሳንቲም አላየም። ስለዚህ «ተዘረፍኩ» ለማለት እኔ የመጀመሪያው ሰው መሆን አልነበረብኝም። ግን ያ የተሰረቀ ሲዲ ውስጥ ጨዋታው በሙሉ ነበረ። በሕግ የገዛሁት ውስጥ የለም። ይኼ ነው የከነከነኝ።

ወደ ጎንደር ልመለስ። ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ማውረድ ጀመረ። የሰፈሩ ልጆች በየሰዓቱ እየመጡ «ስንት ደረሰ?» ይላሉ። እንደ በሽተኛ ጥየቃ። የከተራ ለት ሰው ሁሉ ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ እኛ ቤት 9 በመቶ ላይ ነን። በማግስቱ 11። ከዚያ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ማሽኑ ሌላ ማስተካከያ ማውረድ አለብኝ አለ። ልጁ ሳይናደድ «ጋሼ ተወው፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ዳታ ተዘግቶብን ስንቱን ችለን የለ» አለኝ። ይኼ አባባሉ ከስድብ በላይ አመመኝ። እነዚህ ጨዋታዎች ሲሠሩ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ከተማ መኖሩ ትዝ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ትልልቆቹ የጌም ስቱዲዮዎች አይችሉም አልልም። ይችላሉ እንጂ! «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» የሚባለው ጨዋታ ላይ ብርድ ሲሆን የወንዱ ፈረስ ያ ነገሩ ይሰበሰባል። ቀልዴን አይደለም፣ ሠርተውታል። አዘዞ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ እኔ ራሴ ያንን ልብ ብዬ አላውቅም። እንዲህ የሚጠነቀቅ ስቱዲዮ አለ፤ ሌላው ግን ያላለቀ ዕቃ ይሸጥልሃል። «ሳይበርፐንክ 2077» የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ ከመበላሸቱ የተነሳ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ በሳምንቱ ከኢንተርኔት ሱቁ አንስቶ ገንዘብ መለሰ። በኋላ አስተካክለውታል፤ ዛሬ ጥሩ ነው ይሉታል። እንጀራ ሊጥ ሆኖ ቀርቦልህ «በኋላ ይበስላል» እንደማለት ነው።

ሲያልቅም ያንተ አይደለም። «ዘ ክሩ» የሚባለውን የመኪና ውድድር ጨዋታ ሠሪው ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 መጨረሻ ላይ ሰርቨሩን ዘጋው። ገዝቶ፣ ሲዲውን መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ሰው ለብቻው እንኳ መንዳት አይችልም። ፈረንጆቹ ተናደው አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ፈረንጅ ተሰልፎ ሲፈርም ነገሩ የምር ነው።

የልጄን ነገርማ ባልናገረው ይሻለኛል። 12 ዓመቱ ነው። ክፍሉን ዘግቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ መልካቸውን ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ሲጮህ ያመሻል። «ሁለተኛ ጆይስቲክ አምጣና አብረን እንጫወት» ስለው «አባዬ፣ ይሄኛው ለሁለት አይሆንም» አለኝ። ለሁለት የማይሆን ጨዋታ! አንድ ወር ላይ የካርዴን ሒሳብ ሳይ 214 ዶላር ጎድሏል። አንድ የኳስ ጨዋታ ውስጥ የታሸገ ፓኬት ገዝቶበት ነው። ፓኬቱን ስትከፍት ማን እንደሚወጣልህ አታውቅም። ቤልጂየም ይኼን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላዋለች። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፤ ማሽን አናገረኝ። እንደገና ደወልኩ፤ ያው ማሽን። የኛ ባለ ጌም ቢያንስ ፊት ነበረው። ተጣልተህ ትታረቀዋለህ። አንድ ብር ጎድሎህ «ነገ» ትለዋለህ። ልጄን ምን እንዳደረግኩት አልነግራችሁም፤ እናቱ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ጎንደር ላይ ያዳነኝ አንድ ፍላሽ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕና «ስታርዲው ቫሊ» የሚባል ጨዋታ ያለበት ፍላሽ ነበረኝ። ጎግ ከሚባለው የኢንተርኔት ሱቅ የገዛሁት ነው። ከዚያ የሚገዛ ጨዋታ አንዴ ካወረድከው መለያ ስም አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ፍላሽ ላይ ገልብጠህ የትም ትሄዳለህ። መጠኑ አንድ ጊጋባይት አይሞላም። ዋጋው 15 ዶላር። የሠራው ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ነው። አንድ! ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ጽሑፉን ለብቻው አራት ዓመት ተኩል ገደማ ለፍቶበት እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው። ከዚያ ወዲህ እየጨማመረበት ነው፤ ለጭማሪው አንድ ሳንቲም አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ ከ41 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል።

እንዲህ ያሉት ትንንሽ ሠሪዎች ሁሉ ወርቅ ናቸው አልልም። አብዛኛው ገለባ ነው፤ ገዝቼ የጣልኩት ብዙ ነው። ግን ጥሩው ሲገኝ ያንን የጌም ቤቱን ሲዲ ያስታውሰኛል። ሙሉ ነው። ከፍተህ ትጫወታለህ።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ሥዕሉን አይቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ የናንተ ዘመን ነው።» እውነቱን ነው፣ እንደ ድሮ ጌም ሆን ተብሎ በነጠብጣብ የተሣለ ነው። ታሪኩ ደግሞ ቢሮ መሥራት የሰለቸው ልጅ አያቱ ያወረሱትን መሬት ሊያርስ ገጠር ሲገባ ነው። እኛ ከእርሻ ለማምለጥ ተምረን፣ እዚህ ድረስ መጥተን! ድንች ይተክላል፣ ጎመን ይተክላል፣ በየጠዋቱ ውኃ ያጠጣል። ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ካልተኛ ባለበት ይወድቃል። ልጁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀና ብሎ አያየኝም። መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ቀጠለ። የሰፈሩ ልጆች ከበውት «ጎመኑን ሽጠው!» «አይ፣ ድንቹ ይሻላል!» ይላሉ። ሻማ በርቶ፣ አሥር ልጅ በአንድ ስክሪን። ፕሌይስቴሽኑ ላይ እናቴ የቡና ረከቦት አስቀምጣበታለች።

እናቴ ከጓሮ ስትገባ ቆም ብላ አየችን።

«አንተ፣ አሜሪካ የሄድከው ጎመን ልትተክል ነው?»

«ጨዋታ ነው እማዬ።»

«የኔ ጎመን እዚያ ጓሮ ውኃ አጥቶ ደርቋል። ለሱ የሚነሳ ጠፋ?»

ልጁ አፍሮ ባልዲ ይዞ ወጣ። አጠጥቶ ተመለሰና ቁጭ አለ።

ላፕቶፑን ትቼላቸው መጣሁ። ፕሌይስቴሽኑን የወንድሜ ጓደኛ ባሕር ዳር ወስዶ ሊሞክረው ነው፤ እዚያ ዋይፋይ አለ ተብሏል። ባለፈው እሑድ ደወልኩ። እናቴ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ስለ እህቴ ልጅ ማማረር ጀመረች።

«ዛሬ ጎመኑን አላጠጣም» አለችኝ። «ምነው ስለው፣ እዚያ እየዘነበ ነው አለኝ። እዚህ እኮ ጠብ አላለም።»