መጀመሪያ የሒሳብ መምህሩ፣ ሲሙሌተሩ ይደርሳል

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ስንሄድ በቀጥታ እንበራለን። ስንመለስ ግን ለብዙ ዓመታት የኖረው ልማድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መቅዳት ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ "ሰው ሊጭኑ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ክንፉ የሚያገኘው የማንሳት ኃይል ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት እንዲሁ። ስለዚህ ሰውም ጭነትም ሞልቶ፣ ታንከሩንም እስከ አፉ ሞልቶ መነሳት አይቻልም። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይገፋዋል። እናም ነዳጅ ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል።

ይህን ለ12 ዓመት ልጅ ማስረዳት ይቻላል። ከማስረዳትም አልፎ ልጁ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የአውሮፕላኑ ክብደት፣ የነዳጁ ክብደት፣ በሰዓት የሚፈጀው መጠን፣ ርቀቱ። ይህ ሁሉ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አጎቱን ለመቀበል ኤርፖርት ሄዶ ለሚያውቅ ልጅ ደግሞ ጉዳዩ ባዕድ አይደለም፣ የቤቱ ወሬ ነው።

ይህን ያነሳሁት በአሜሪካ ስለ አቪዬሽን፣ ስለ ጠፈርና ስለ ቴክኖሎጂ ጭብጥ ይዘው ስለሚሠሩ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለመጻፍ ነው። ሲያትል አጠገብ ራይዝቤክ አቪዬሽን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፍቶ በ2013 ከበረራ ሙዚየሙ ጎን ወደተሠራለት ሕንፃ ገባ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አውሮፕላን በሚሠራባት በፓልምዴል ከተማ፣ ፓልምዴል ኤሮስፔስ አካዳሚ የመካከለኛ ደረጃ ልጆችንም ያስተምራል። ዲትሮይት ውስጥ በጄኔራል ቤንጃሚን ዴቪስ ስም የተሰየመ አለ። ሌሎችም አሉ። ወላጆቻችን "ልጄን እዚያ ላስገባ?" እያሉ ይጠይቃሉ። በሲያትል ዙሪያ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ከአውሮፕላን ጋር የተያያዘ እንጀራ እንበላለን።

እኔ የማምነው ይህን ነው። የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ከምንም በላይ የሚያስፈልገው በመካከለኛ ደረጃ ነው። ጥሩነቱም የሚለካው በሲሙሌተሩ (መሬት ላይ ሆኖ በረራን በሚያለማምደው መሣሪያ) ወይም በድሮኖቹ ብዛት ሊሆን አይገባም፤ ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ በሚሆነው ነገር እንጂ።

ለምን መካከለኛ ደረጃ? ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ዓመታት ልጅ ስለ ራሱ የሚወስንባቸው ናቸው። "እኔ ሒሳብ አይገባኝም" የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዛት የሚወለደው እዚህ ነው። በ6ኛ ክፍል ሬሾ (የሁለት መጠኖች ንጽጽር) ይመጣል፣ በ7ኛ ፕሮፖርሽንና ሚዛኑን የጠበቀ ስዕል፣ በ8ኛ የመስመር ተዳፋትና የፓይታጎረስ ቲዎረም። አንዱ ከተዘለለ ቀጣዩ አይያዝም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በር ማንኳኳት ይቻላል፣ ግን በ14 ዓመቱ ሒሳብ የጠላ ልጅ በሩ ቢከፈትለትም አይገባም። ያሳዝናል፤ ያ ልጅ ሰነፍ ስላልሆነ በጣም ያሳዝናል። ያ ሬሾ ለምን እንደሚጠቅም ማንም አሳይቶት አያውቅም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ አመራር ልምጣ። ርዕሰ መምህሩ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ለዓይን የሚታየውን ነው። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለ የአውሮፕላን ሞዴል፣ የጠፈርተኞች ፎቶ፣ ሦስት አራት ሲሙሌተር፣ የድሮን ክፍል። ጎብኚ ሲመጣ ያምራል፣ የትምህርት ቦርዱ አባላትም ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ ሒሳብ ክፍል ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን ሌላው ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ያንኑ የመልመጃ ወረቀት ታያላችሁ። ሳይንሱም እንግሊዝኛውም እንደዚያው። ሲሙሌተሩ ጋ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም በወረፋ።

ቢቻለኝ ገንዘቡን ሌላ ቦታ አውለዋለሁ። የሒሳብ፣ የሳይንስ፣ የእንግሊዝኛና የታሪክ መምህራን በየሳምንቱ አብረው የሚያቅዱበት ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ ይገዛ። ከደመወዛቸው ሰዓት ውስጥ ይሁን እንጂ ከምሳቸው ወይም ከማታቸው የሚቆረጥ አይሁን። ይህ ፎቶ አያስነሳም። ግን ያለዚህ ሰዓት ጭብጥ የሚባለው ነገር የግድግዳ ቀለም ሆኖ ይቀራል። መምህር ብቻውን ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ አዲስ ትምህርት እንዲፈጥር መጠበቅ ግፍ ነው። አንድ ዓመት ይሞክራል፣ በሁለተኛው ይደክማል፣ በሦስተኛው ሌላ ትምህርት ቤት ይቀጠራል። እሱ ሲሄድ የሠራው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ሰዓቱ ቢኖር ምን ይሠሩበታል? ወረቀት ብቻ በቂ ነው። ልጆቹ የወረቀት አውሮፕላን ይሠራሉ። ከ2 ሜትር ከፍታ ሲለቁት 10 ሜትር ሄዶ ካረፈ፣ የመንሳፈፍ ሬሾው 5 ለ 1 ነው። አንዱ የ3 ለ 1፣ ሌላዋ የ7 ለ 1 ያመጣሉ፣ ክርክሩ ይጀመራል። ከዚያ መምህሯ ትጠይቃለች፤ አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን 15 ለ 1 ገደማ ቢኖረው፣ በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሮቹ ሁሉ ቢጠፉ ምን ያህል ይሄዳል? 150 ኪሎ ሜትር ገደማ። ክፍሉ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ የሚወድቅ ይመስላቸው ነበር። አብራሪዎች ለመውረድ የሚጠቀሙባት ቀላል ስሌትም አለች። 10,000 ጫማ ለመውረድ 30 ኖቲካል ማይል ቀደም ብሎ መጀመር። ይህም ያው ሬሾ ነው፣ ግን እውነተኛ ሰው በእውነተኛ ኮክፒት ውስጥ የሚሠራበት።

ከክፍል ውጭም ውድ ያልሆኑ ነገሮች አሉ። በአሜሪካ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የሮኬት ውድድር አለ። ሮኬቱ እንቁላል ተሸክሞ ወደተወሰነ ከፍታ ይወጣል፣ በተወሰነ ጊዜ ይወርዳል፣ እንቁላሉ መሰበር የለበትም። ክብደት፣ ጊዜ፣ ፓራሹት፣ ነፋስ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ተማሪዎች በአማተር ሬዲዮ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ካሉ ጠፈርተኞች ጋር የሚነጋገሩበት ፕሮግራምም አለ። ንግግሩ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ከአድማስ በታች ስለሚሰወር። ለምን 10 ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ልጆቹ አስቀድመው አስልተው ቢመጡ፣ ያ ጥሪ ከትርዒት ወደ ትምህርት ይለወጣል።

አንድ ትምህርት ደግሞ አለ፣ ለእኛ ልጆች በተለይ ከባድ የሆነ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር፣ የተሠራው ሲያትል አጠገብ ሬንተን ውስጥ ነው። አምስት ወር ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው አልቋል። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከፊት ከሚመጣው አየር ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። አፍንጫውን ወደታች የሚገፋው አውቶማቲክ ሥርዓት ግን በአንድ ጊዜ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። በበረራ 302 የግራው ሴንሰር 74 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ይል ነበር። ሥርዓቱ የተሳሳተውን አመነ።

ይህን ለመካከለኛ ደረጃ ልጆች ማስተማር ያስፈራል የሚሉ አሉ። እኔ ግን መማር አለባቸው ባይ ነኝ። በጥንቃቄ፣ በአክብሮት፣ ዘመድ ያጣ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል እያሰቡ። ሒሳቡ የ6ኛ ክፍል ነው። ሦስት ሴንሰሮች ቢኖሩና 15፣ 16 እና 74 ቢያነቡ፣ አማካዩ 35 ነው። 35 ዲግሪ ደግሞ የትኛውም ሴንሰር ያላነበበው የሐሰት ቁጥር ነው። መሐል ላይ ያለውን ከወሰድን ግን 16 ነው፣ እውነቱ ጋ የሚደርሰው እሱ ነው። አንዱ ሲዋሽ ሁለቱ ያሸንፉታል። ሁለት ብቻ ቢሆኑስ? ማን እንደተሳሳተ ማወቅ አይቻልም፣ ግን ቢያንስ አለመስማማታቸውን አይቶ ማቆም ይቻላል። ከአደጋው በኋላ የተደረገው ማስተካከያም አንዱ ይኸው ነው፣ ሥርዓቱ ሁለቱን እንዲያወዳድር ተደረገ። ከዚያ በእንግሊዝኛው ክፍል የአደጋ ምርመራ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ ያነባሉ፤ በማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ ኩባንያን ማን ይቆጣጠራል ብለው ይከራከራሉ። ቴክኖሎጂን የሚወድ ልጅ፣ ስሌቱ የሰው ሕይወት እንደሚሸከም በ12 ዓመቱ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ለዚህም ነው ድርጅቶች የሚሰጡት እርዳታ ጥንቃቄ ይሻል የምለው። አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ መሣሪያ ቢሰጥ፣ ኢንጂነሮቹን ቢልክ እሰየው። ምን እንደሚጠና መወሰን ግን የመምህራኑ ይሁን። ስለ ኩባንያው ጥፋት ክፍል ውስጥ መናገር የሚያሳፍር ከሆነ፣ የዚያ ስጦታ ዋጋ በጣም ከብዷል።

ማን ይግባ የሚለውም አለ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት በፈተና ውጤት እየመረጠ ያስገባና "ተማሪዎቻችን ጎበዞች ናቸው" ይላል። ጎበዝ አስገብቶ ጎበዝ ማስወጣት ምን ይደንቃል? በኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ አውሮፕላን የሚያጸዳ፣ በሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወላጅ ልጅ፣ ለመግቢያ ፈተና የሚያዘጋጅ አስጠኚ የለውም። መካከለኛ ደረጃ ላይ ምርጫው በዕጣ ይሁን፣ ለአካባቢው ልጆችም ቅድሚያ ይሰጥ።

ታሪኩም ይህን ይደግፋል። ዴቪስ የአሜሪካ አየር ኃይል የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ነበር፣ ተስኪጊ ከሠለጠኑት ጥቁር ወታደራዊ አብራሪዎች የወጣ፣ ጥቁር መብረር አይችልም በተባለበት ዘመን። ከተስኪጊ ኮሌጅ የተመረቀው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰንም በጣሊያን ወረራ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መርቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኗል፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። ልጃገረዶቻችን ይህን ስም ከቤት ብቻ ሳይሆን ከክፍልም ይስሙት።

ዲትሮይት አንድ ተጨማሪ ነገር ታስተምራለች። የዴቪስ ትምህርት ቤት ከከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ጋር ተያይዞ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከዚያ እንዲወጣ ተደረገ። ለመመለስ ከአስር ዓመት በላይ ትግል ጠይቋል። ማፍረሱ የአንድ ሰው ፊርማ ነው፣ መልሶ መገንባቱ ግን አንድ ትውልድ ተማሪ ያስከፍላል። ስለዚህ ከሙዚየም፣ ከማረፊያ፣ ከበረራ ክለብ ጋር የሚደረግ ስምምነት በርዕሰ መምህሩ ጓደኝነት ላይ ሳይሆን በጽሑፍና በዓመታት ይታሰር።

"የ11 ዓመት ልጅ ሙያ መምረጥ የለበትም" የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። በዚህ እስማማለሁ። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ነርስ ብትሆን፣ ዳኛ ብትሆን፣ ሱቅ ብትከፍት ምንም አልጎደለባትም። አውሮፕላኑ ልጅን ወደ ሒሳብና ወደ ጥያቄ የሚያስገባ በር ነው። እርሻም፣ ባሕርም፣ ሕክምናም በር ሊሆን ይችላል። አቪዬሽንን የምመርጠው ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ ስለሆነ ነው።

አገር ቤትም ይህ ሐሳብ ቦታ አለው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ መካከለኛ ደረጃ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውድቀት 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። ቢሾፍቱ አየር ኃይሉ አለ፣ አጠገቡ ግዙፍ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል፣ ከፍታውም ከቦሌ ዝቅ ያለ ነው። እዚያ አካባቢ ያሉ የ7ኛ ክፍል ልጆች ያ ዝቅታ ለምን ለአየር መንገዱ እንደሚጠቅም ማስላት ቢችሉ ብዬ እመኛለሁ። ለዚህ ሲሙሌተር አያስፈልግም፤ የሠለጠነ መምህርና ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ልትጎበኙ ስትሄዱ ሲሙሌተሩን ካሳዩዋችሁ በኋላ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ክፍል ውስጥ 20 ደቂቃ መቀመጥ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። መምህራኑ አብረው የሚያቅዱት በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት መምህር እንደለቀቀም ጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ትምህርት ቤቶች ወላጅን በሚገባው ቋንቋ እንዲያነጋግሩ እንደሚያስገድድ ለብዙ ዓመታት ሲተረጎም ኖሯል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትግቡ፤ እሱ ክፍሉን ይይ።